በጤና ጣቢያ የተበደለ ታካሚ የት ይሂድ?

የፉሪ ነዋሪ የሆነ ታካሚ ቅሬታ ከማቅረቡ በፊት አንድ ነገር ማጣራት አለበት፦ የታከመበት ጤና ጣቢያ የማን ነው? በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ባለው ፉሪ የሚገኘው ተጠሪነቱ ለአዲስ አበባ መስተዳድር ነው። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ሸገር ከተማም ፉሪ የሚባል ክፍለ ከተማ ስላለው፣ እዚያ የታከመ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ለኦሮሚያ መዋቅር ነው። በካርዱ ላይ ያለውን ማኅተም ማየት ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

የመጀመሪያው ደረጃ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የአስተያየት መስጫ ሳጥን ወረቀት ይቀበላል እንጂ መልስ አይሰጥም። መልስ የሚፈልግ ሰው ቅሬታ ሰሚውን ወይም ኃላፊውን ያነጋግር። ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦ ቀኑ፣ የካርድ ቁጥሩ፣ የታከሙበት ክፍል፣ የተፈጸመው በደልና የሚፈለገው መፍትሔ። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በራስ ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም ይመታበታል። ማስረጃም ይያያዛል። ለምሳሌ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ በነጻ ነው፤ ወላዷ ጓንት ከውጭ እንድትገዛ ከታዘዘች የመድኃኒት ቤቱ ደረሰኝ ዋና ማስረጃዋ ነው።

በዚህ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ ወረዳና ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ጤና ቢሮ ይወጣል። አንዳንድ ጉዳይ ግን የራሱ በር አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ሆኖ አገልግሎት የተከለከለ፣ ለወረዳው ጤና መድህን ክፍል ያመልክት። መድኃኒቱን የተጠራጠረ፣ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ይደውል። የሕክምና ስሕተት ደርሶብኛል የሚል፣ ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቅርብ። ካሳ የሚፈልግ ከሆነ ግን መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2651 ሆስፒታልን በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ከባድ ችግር ላይ የወደቀን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም ያለ ባለሙያም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 ይጠየቃል።

የአስተዳደር በደል ሳይታረም ከቀረ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፤ ክፍያ አይጠይቅም። ፍርድ ቤት ስላልሆነ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። አስቀድሞ ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መቅረቡንም ያያል።

ስለዚህ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለማንም አያስረክቡ፤ የሚጠይቅ ቢሮ ካለ ኮፒውን ይስጡ።