ቦይለር በድሬዳዋ ውሃ

የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ካታሎግ የሚያገላብጥ ሰው የሚያብረቀርቅ የፎጣ ማሞቂያ ዘንግ ማየቱ አይቀርም። ክረምቱ ግድግዳ በሚያረጥብበት አገር ጠቃሚ ዕቃ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በተዘረጋችው ድሬዳዋ ግን በር ላይ የተሰቀለ ፎጣ ሻይ ተፈልቶ ሳይጠጣ ይደርቃል። ገንዘቡን እዚያ ላይ ከማፍሰስ ገጹን ገልጦ ወደ ቦይለሩ ማለፍ ይሻላል።

«ድሬ ላይ ደግሞ ቦይለር ምን ይሠራል?» ይላል የአዲስ አበባ እንግዳ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በዚያ ወቅት ጣሪያ ላይ የዋለ ሮቶ ከሰዓት በኋላ የሚያወርደው ውሃ ራሱ ገላ ይለበልባል፤ ሰው ለመታጠብ እስኪመሽ ይጠብቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ማለዳው ሌላ ነው። አራስ፣ ሕፃን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ያለበት ቤት፣ ለሱብሒ ሶላት ተነስቶ ውዱእ የሚያደርግ ሰው፣ ሌሊት በአውቶቡስ የገባ እንግዳ የሚያሳድር ፔንሲዮን፣ ሁሉም ሙቅ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦይለር ይገዛል፣ ይሰቀላል፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ከሚገባው ቀድሞ ይሞታል። የሚገድለው ውሃው ነው።

ከተማዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ በሳቢያን ሰፈር በኩል ያሉት ጉድጓዶች ከዋነኞቹ ምንጮች ናቸው። ከደቡብ ከሐረርጌ ተራሮች የሚሰርገው ዝናብ በኖራ ድንጋይ መካከል እያለፈ ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ጣልያን በወረራው ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ ሲተክል ያሰበው ይህንኑ ድንጋይ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ኖራው አይታይም፤ ሳሙና አረፋ አልይዝ ሲል ብቻ ይታወቃል። ሲሞቅ ግን ኖራውን አሟሙቶ የያዘው የካርቦን ጋዝ ይለቅና ኖራው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የሻይ ማፍያን ውስጡን ነጭ ልባስ የሚያለብሰው፣ የሻወርን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ የሚደፍነው እሱ ነው። ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ይብሳል።

ድሬ ይህንን ጣጣ ከሻወር ቤት በፊት ታውቀዋለች። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስና ከተማዋ ስትቆረቆር፣ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ቦይለሮች የእንፋሎት ባቡሮቹ ነበሩ። የእንፋሎት ባቡር ቦይለር በየትኛውም አገር በየጊዜው ተከፍቶ ዝቃጩ ካልታጠበ ብረቱ ይቃጠላል። የምድር ባቡር መካኒክ የሚያውቀው ሕግ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው 50 ሊትርም ይሠራል። ልዩነቱ የባቡሩን ቦይለር የሚያጥብ ሠራተኛ ተቀጥሮለት ነበር፤ የቤቱን ማንም አያስታውሰውም።

እስኪ አንዱ ሲከፈት እንይ። ባለሙያው መብራቱን ከብሬከሩ ያጠፋል፣ ውሃውን ይዘጋል፣ ታንኩን ያንጠፈጥፋል። ከታች ያለውን ክዳን አምስት ስድስት ዳዶ ፈትቶ ሲስበው ክዳኑ አይመጣም። ግራ ቀኝ ያወዛውዘዋል። በመጨረሻ ሬዚስታንሱ ይወጣል፤ የጣት ውፍረት የነበረው ነገር ነጭ ድንጋይ ለብሶ የክንድ ያህል ሆኗል፣ ቀዳዳው ውስጥ የያዘው ይኸው ነው። ተከትሎት የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ስባሪ እየተንኮሻኮሸ ወደ ባልዲው ይዘንባል። «አቦ፣ ይሄ እኮ ቦይለር አይደለም፣ ካባ ነው!» ይላል ባለሙያው። ቦይለሩ ሲሞቅ እንደሚፈላ ድስት ይንጫጫ የነበረው ለዚህ ነው፤ ከድንጋዩ ሥር የገባች ውሃ እንፋሎት ሆና ስትፈነዳ ነው የምትጮኸው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ያስፈልጋል። ኖራ የያዘው ቦይለር መብራት ይበላል ይባላል። ሬዚስታንሱ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ ቢዘገይም መሄጃው ውሃው ነው፤ ቆጣሪው ላይ የሚመጣው ለውጥ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሙቀቱን ማራገፍ ያቃተው ሬዚስታንስ ራሱን ያቃጥላል። ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ይገባል።

ግዢው ላይ ስንመጣ፣ ገበያው ሁለት ዓይነት ያቀርባል። አንደኛው ውሃው ሲያልፍ እዚያው የሚያሞቀው ትንሹ ማሽን ነው። ዋጋው ይስባል፣ ቦታ አይዝም። ግን 5.5 ኪሎዋት የሚለው በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል፤ የብዙ ቤት ሽቦ ይህንን አይችልም። ከዚህም በላይ የሚበራው የውሃ ግፊት ሲገፋው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሻወሩ የሚጠጣው ከጣሪያው ሮቶ ነው፤ ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ነው። ውሃው ይወርዳል፣ ማሽኑ ግን ላይበራ ይችላል። ገዝቶ የመለሰ ሰው ሁሉ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል እንጂ ሮቶውን ቀና ብሎ አያይም።

ስለዚህ ሁለተኛው፣ ባለ ታንኩ፣ ይሻላል። መጠኑን በአዲስ አበባ ልክ መግዛት አያስፈልግም፤ የድሬ ውሃ ሲገባም ያን ያህል አይቀዘቅዝም። በ25 ዲግሪ የገባን 50 ሊትር ወደ 60 ለማድረስ 1,500 ዋቱ ሬዚስታንስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል ከ100 ሊትር በላይ ለገላ የሚስማማ ውሃ ይወጣዋል። ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። መብራቱ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ግን ያው ሬዚስታንስ 1,000 ዋት ብቻ ስለሚሠራ ጊዜው በግማሽ ይረዝማል።

ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁት። ሬዚስታንሱ በቀጥታ ውሃ ውስጥ የሚነከር ነው ወይስ በራሱ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ውሃ የማይነካው? ሁለተኛው ከተገኘ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ያዋጣል፤ ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ሲቃጠልም ውሃ ሳይፈስ ይቀየራል። የማግኒዚየም ዘንግ አለው? ታንኩን ከዝገት የሚያድነው እሱ ነው፤ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል። መለዋወጫውስ እዚሁ ይገኛል? መስታወት ላይ ቁጥር የሚያበራው ያምራል፣ ቮልቴጅ ለሚዋዥቅ ሰፈር ግን ተራ ማዞሪያ ያለውን እመርጣለሁ።

ሲሰቀል መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ነው። የ50 ሊትር ቦይለር ከነውሃው ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የከዚራ ሰፈር አሮጌ የድንጋይ ቤት ይህንን አይሰማውም፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ላይ በፊሸር ማንጠልጠል ግን ራስ ላይ ቀጠሮ መያዝ ነው። ብሎኑ ግድግዳውን በስቶ በወዲያኛው በኩል በላሜራ መታሰር አለበት።

ቀጥሎ ኧርዝ። ሰው በሻወር ቤት በኤሌክትሪክ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በተቆጠበ ገንዘብ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ አሸዋማና ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ ለመቀበል ሰነፍ ነው። አጭር ብረት ግቢ ውስጥ ወግቶ «ኧርዝ አለው» ማለት ማታለል ነው። ዘንጉ ረዘም ይበል፣ እርጥበት የማይለየው ቦታ፣ ለምሳሌ የእጣቢ ውሃ የሚሰርግበት አጠገብ ይተከል፣ በላዩ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ሰው ሳይገድል የሚቆርጥ ብሬከር ይገባ። ይህንን ያለ ባለሙያ አይሞክሩት።

ቀዝቃዛው በሚገባበት አፍ ላይ የምትታሰረውን ሴፍቲ ቫልቭ አንዳንድ ሠራተኛ «ታንጠባጥባለች» ብሎ ይነቅላታል ወይም ይደፍናታል። ማንጠባጠቧ ሥራዋ ነው። 50 ሊትር ውሃ ሲሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ያብጣል፤ መውጫ ካጣ ታንኩን ይሰነጥቃል፣ ቴርሞስታቱም ከተበላሸ ቦምብ ይሆናል። ቀጭን ቱቦ አስሮ ወደ ፍሳሽ መምራት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ደግሞ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ማብሪያውን አይንኩ፤ ባዶ የተለኮሰ ሬዚስታንስ ወዲያው ይነዳል።

ጥገናው ለድሬ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የሚመቸው ወር ጥቅምት፣ ቅዝቃዜው ሳይገባ። ሬዚስታንሱ ወጥቶ አቼቶ ወይም የሎሚ አሲድ በበዛበት ውሃ ውስጥ ሲያድር አረፋ እየደፈቀ ድንጋዩ ይለቃል። በመዶሻ መምታት፣ የታንኩን ውስጥ በብረት መፋቅ ክልክል ነው፤ ውስጡ የተቀባው ሽፋን ከተጫረ ዝገት ይገባል። የማግኒዚየሙ ዘንግ ወደ ሽቦ ከቀጠነ ይቀየራል፣ ክዳኑ ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። የሻወሩም ራስ አብሮ አቼቶ ውስጥ ይደር። ቴርሞስታቱን ከ55 እስከ 60 መካከል ማቆም ኖራውን ይቀንሳል፤ ከ50 በታች ማውረድ ግን ለብ ያለ ውሃ የሚወድ ባክቴሪያ ማርባት ነው።

በግንቦትና በሰኔ ንዳድ ቦይለሩን አጥፍቶ መተው ይቻላል። እንዲያውም አረብ አገር የኖሩ ሰዎች የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ የጣሪያው ውሃ ሲፈላ፣ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ያደረው የቦይለር ውሃ ይቀዘቅዛልና የሚከፈተው ቀዩ ቧንቧ ነው። በየቀኑ የሚቀዳ ከሆነ ጥሩ ነው። ለሳምንታት ሳይነካ ከተኛ ግን የተኛውን ውሃ ሙሉ በሙሉ መድፋት፣ በአዲስ መሙላት፣ አንድ ጊዜ ከ60 በላይ አድርሶ ማሞቅ፣ ከዚያ ሻወሩ ሥር መግባት ነው።