ነገር ከሥሩ፣ ዘፈንም ከመጀመሪያው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። አንድ ሰው ጉዳዩን ከመካከሉ አንሥቶ ቢናገር ሽማግሎች ዝም አይሉትም፤ «እስቲ ከመነሻው ጀምር» ይሉታል። ወዳጃችን ያመጣውን ወሬ እንኳ ዘግይተን ከደረስን «ከመጀመሪያው ንገረኝ» ብለን ልናስቸግረው እንችላለን። እንዲህ ብለን ልናስቸግረው የማንችለው አንድ ተናጋሪ አለ፤ እርሱም ራዲዮ ነው። ራዲዮ የዘገየውን አይጠብቅም፤ ያለፈውንም አይደግምም።

በዚህም የተነሣ ብዙ አድማጭ ዘፈንን ከወገቡ መስማት ለምዷል። ራዲዮኑን ከፍቶ ጣቢያ ሲያዞር የሚወደው ድምፅ ብቅ ይላል፤ ደስታው ግን ሙሉ አይሆንም፤ ዘፈኑ ተጋምሷልና። ይህን ጉድለት የሚሞላ ጥበብ በሌላው ዓለም ከተገኘ ዓመታት አልፈዋል። ራዲዮኑ ራሱ ያለፉትን ደቂቃዎች እያጠራቀመ ይቈይና፣ ባለቤቱ ዘግይቶ ሲደርስ ዘፈኑን ከራሱ ጀምሮ ያሰማዋል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ጥበብ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም በአዊ ምድር፣ በኢንጅባራና በዳንግላ፣ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ለአንባቢ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከዘፈን ራስ ላይ ምን አለ?

የዘፈን መጀመሪያ ጌጥ ብቻ አይደለም። በአገራችን ዘፈን መግቢያ ላይ መሰንቆው ወይም ክራሩ፣ በባንድ ሲሆን ደግሞ ሳክስፎኑ፣ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ለብቻው ጥቂት ይጓዛል። አዋቂ ጆሮ በዚህን ጊዜ ቅኝቱን ይለያል፤ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ ሳይነገረው ያውቃል፤ ልቡንም ለዚያው ያዘጋጃል። ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ስንኝ ደግሞ ዘፈኑ ስለ ማን እንደ ሆነ፣ ለአገር ይሁን ለወዳጅ፣ ያስታውቃል። ሰሙን ያልሰማ ሰው ወርቁን ከየት ያገኘዋል?

ከዜማውም አስቀድሞ የሰው ስም አለ። የኢትዮጵያ ራዲዮን የዘፈን ምርጫ ያዳመጠ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ አድማጭ በደብዳቤ፣ በኋላም በስልክ፣ «ለእናቴ፣ ለእኅቶቼ፣ ለሥራ ጓደኞቼ ይጋበዝልኝ» ብሎ ይጠይቃል። አስተዋዋቂው ይህን የሚያነበው ከዘፈኑ በፊት ነው። ልጇ ከሩቅ አገር ሆኖ ዘፈን የጋበዛት እናት ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በዜማው ብትደርስበትም በስሟ አትደርስበትም። ልጁ የላከላት ዋናው ነገር ግን ያ ስም ነበረ፤ ዜማውንማ አገር ሁሉ ሰምቶታል።

ነገሩን በሒሳብም ብናየው ቀላል አይደለም። አምስት ደቂቃ ከሚፈጅ ዘፈን አንድ ደቂቃ ተኩል ቢያመልጥ ከመቶው 30 እጅ ጠፋ ማለት ነው። ሲሶው ሊቈረስ ጥቂት የቀረው እንጀራ ለእንግዳ ቢቀርብ ባለቤቲቱ ታፍራለች፤ ሲሶው የጐደለ ዘፈን ሲቀርብ ግን የሚያፍር የለም።

በአዊ ጕዳቱ ለምን ይከብዳል?

የአማርኛ ዘፈን ዛሬ ያመለጠው ሰው ነገ ያገኘዋል። በአውቶቡስ፣ በሻይ ቤት፣ በሌላውም ጣቢያ ይደገማል። የአዊኛ ዘፈን ያመለጠው ሰው ግን ይህን ያህል ተስፋ የለውም።

እንደሚታወቀው አዊ የሰባት ቤት አገው አገር፣ በፈረስ ወዳድነቱም ስሙ የተጠራ ሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዞኑ ከ980 ሺሕ በላይ ሰው የተገኘ ሲሆን፣ ከዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አፉን የፈታው በአዊኛ ነው። አዊኛ፣ አገውኛም ይባላል፣ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ በዋግ የሚነገረው ኽምጣኛና በኤርትራ የሚነገረው ብሊን እኅቶቹ ናቸው። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ሲሆን፣ አማርኛ የማያውቀውን በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ለመጻፍ «ጘ» የሚለው ፊደል ተጨምሮለታል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ልጆች ይማሩበታል።

ይህን ቋንቋ በራዲዮ ከሚያሰሙት መካከል በባሕር ዳር ያለው የክልሉ ብዙኃን መገናኛ፣ በዛሬ ስሙ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ ይገኝበታል። በአማርኛ ከሚያስተላልፈው ጋራ ለአዊኛ፣ ለኽምጣኛና ለኦሮምኛ የተለየ ክፍል አለው። ዳሩ ግን ቀኑ 24 ሰዓት ብቻ ነውና ለአዊኛ የሚደርሰው ክፍል ከአማርኛው ጋራ ሲመዛዘን አነስተኛ ነው። ከዚያችም ላይ ዜናውና ምክሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ለዘፈን የሚተርፈው ደቂቃ በጣት የሚቈጠር ይሆናል።

አድማጩ ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም። ድንቹን ሲኰተኵት፣ ቀርከሃውን ሲቈርጥ፣ ፈረሱን ሲያጠጣ ይውላል። ከዳንግላ ገበያ ውሎ ቤቱ ሲገባ ፕሮግራሙ ተጀምሮ ያገኘዋል። ዘፈኑን ይሰማዋል፤ ነገር ግን የዘፋኙንም የዘፈኑንም ስም አልሰማም። ነገሩ የሚከፋው ከዚህ ላይ ነው። ስሙን የማያውቁትን ዘፈን በደብዳቤም በስልክም መምረጥ አይቻልም። ያልተመረጠ ዘፈን አይደገምም፤ ጣቢያውም ፈላጊ የለውም ብሎ ያስባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሕዝቡ የሚወደው ዘፈን ወዳድ እንደሌለው ይቈጠራል። «ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል» ይባላል፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የሚያጣላው ልጅን ከአያቱ ቋንቋ ጋራ ነው። ቋንቋው በቤት የሚሰማ፣ በራዲዮ ግን ራሱ ተቈርጦ የሚመጣ ከሆነ፣ የከተማው ልጅ የትኛውን ያከብራል?

ጥበቡ ከየት ተነሣ?

እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1935፣ ማለት በእኛ በ1927 ዓ.ም. የአቃቂው የራዲዮ ጣቢያ በተመረቀበት ዓመት፣ በበርሊን ኤግዚቢሽን ላይ ማግኔቶፎን የሚባል የቴፕ መቅረጫ ለሕዝብ ታየ። በቴፕ ላይ ድምፅን የሚጽፍ አንድ ራስ፣ የሚያነብም ሌላ ራስ አለ። ሁለቱን ራሶች አራርቆ ቴፑን በመካከላቸው ማስኬድ ድምፁን ያዘገየዋል። የአሜሪካ ጣቢያዎች ይህን ዘዴ የያዙት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ በስልክ የሚናገር አድማጭ ነውር ቃል ቢያመልጠው ከመሰማቱ በፊት ለመቍረጥ ነው። በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ቴፕ ድምፁን 7 ሰከንድ ለማዘግየት 133 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። አምስት ደቂቃ ለማዘግየት ግን 57 ሜትር ቴፕ ያለ ማቋረጥ መዞር አለበት። ይህን በቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው አይገኝም። ስለዚህም አሳቡ የኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ እስኪረክስ ድረስ መቈየት ግድ ሆነበት።

ማስታወሻው ከረከሰ በኋላ ግን ነገሩ ፈጠነ። ፒዩር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2004 በቀጥታ የሚተላለፍ ፕሮግራምን የሚያቆምና ወደ ኋላ የሚመልስ የዲጂታል ራዲዮ ለገበያ አቀረበ። በ2009 አፕል ያወጣው አይፖድ ናኖ ከኤፍ ኤም ጣቢያ እስከ 15 ደቂቃ ያህል ይይዝ ነበር። ወደ ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሲሪየስ ኤክስ ኤም የሚባለው የአሜሪካ የሳተላይት ራዲዮ ነው። በመኪና ላይ የሚገጠመው መቀበያው ባለቤቱ የመረጣቸውን ጣቢያዎች በስውር ሲያጠራቅም ይቈያል፤ ሰውየው ወደ አንዱ ሲያዞር እየተዘፈነ ያለው ዘፈን ከመጀመሪያው ይነሣለታል።

በዚህ የሳተላይት ራዲዮ ታሪክ የአገራችን ልጅ እጅ እንዳለበት ብዙዎች አያውቁ ይሆናል። በኢትዮጵያ የተወለደው ኖኅ ሳማራ በ1990 ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ይህ ኩባንያ፣ በኋላ ኤክስ ኤም ለተባለው የአሜሪካ ድርጅት በመነሻው ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ነበር። ለአፍሪካ የተመደበችው አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት በ1998 ወደ ሰማይ ወጣች። ወርልድስፔስ በ2008 በዕዳ ተይዞ ቢወድቅም፣ አሳቡ በሌላው አገር መኪና ውስጥ ይሠራል።

የአሠራሩ ምሥጢር ቀላል ነው። በራዲዮኑ ውስጥ መጠኑ የተወሰነ ቋት አለ። ከላይ አዲሱ ድምፅ ይገባል፣ ከታች ያረጀው ይፈስሳል፤ ስለዚህ በማናቸውም ሰዓት ያለፉት ጥቂት ደቂቃዎች አይታጡበትም። ብዙዎቻችን የያዝነው ሞባይል ኤፍ ኤምን ይቀርጻል የሚለን ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ያ መቅረጽ የሚጀምረው ቍልፉ ከተጫነ በኋላ ነው፤ ዘፈኑ ከተጋመሰ ወዲያ ቢቀርጹት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» መሆኑ ነው። ቋቱ ግን ሰው ሳያዘው አስቀድሞ ይዞ ይጠብቃል።

ለአዊ እንዴት ይስማማል?

የሳተላይቱ መቀበያ ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሁሉም በአንድነት ተጠቃለው ስለሚመጡለት ነው። የእኛ ራዲዮን ግን በአንድ ጊዜ አንድ ጣቢያ ብቻ ይሰማል። እንግዲህ ሦስት ጣቢያ ለማጠራቀም ሦስት መቀበያ በአንድ ሣጥን ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። ለትልቅ ከተማ ይህ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ለኢንጅባራ አድማጭ ግን ከሚወዳቸው ሁለቱን ወይም ሦስቱን መምረጥ ይበቃዋል። ማስታወሻውም አያስቸግርም። ድምፁ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ቢያዝ 15 ደቂቃው 7.2 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ ለሦስት ጣቢያ 21.6 ማለት ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ሚሞሪ ካርድ ይህን ብዙ እጥፍ ይይዛል።

ዋናው ችግር ኀይል ነው። የተዘጋ ራዲዮን አይሰማም፤ ያልሰማውንም አያጠራቅምም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮን ቀኑን ሁሉ ይክፈት ማለት የገበሬውን ኪስ ማራቈት ነው። ነገር ግን ለዚህም መላ አለው። የአዊኛው ክፍል ሰዓቱ የታወቀ ነውና ራዲዮኑ በዚያ ሰዓት ብቻ ድምፁን ሳያሰማ ነቅቶ እንዲያጠራቅም፣ ሲያበቃም እንዲተኛ ማድረግ ይቻላል። መብራት ባለበት ሻይ ቤትና ትምህርት ቤት፣ ወይም በሶላር ከሆነ፣ ይህም ጥንቃቄ አያስፈልግም።

ዘፈኑ ከየት እንደሚጀምር ራዲዮኑ በምን ያውቃል? በሳተላይቱ ከዘፈኑ ጋራ ስሙ ስለሚላክ በዚያ ይለየዋል። ይህ በሌለበት አንዲት ቍልፍ በተጫነች ቍጥር 30 ሰከንድ ወደ ኋላ ብትመልስ ሥራውን ትሠራለች።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። አንደኛው፣ ከቋት የሚሰማ ሰው ከሌላው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሰዓቱን ምልክትና ዜናውንም አዘግይቶ ይሰማል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ምን ያህል ደቂቃ እንደ ዘገየ የሚያሳይ ቍጥርና ወደ ቀጥታው የሚመልስ ቍልፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የዘፋኞቹ መብት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 የድርሰትንና የዜማን ባለቤትነት ይጠብቃል። እኛ ያነሣነው ቋት እየሞላ የሚፈስስ እንጂ ካሴት እያባዙ እንደሚሸጡት ዘፈኑን የሚያከማች አይደለም፤ ቢሆንም ሠሪው ይህን ጠንቅቆ ሊያስብበት ይገባል።

ከጣቢያውና ከወጣቱ ምን ይጠበቃል?

መሣሪያው እስኪደርስ ድረስ ያለ ምንም ወጪ የሚሠራ ነገር አለ። አስተዋዋቂዎች የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም፣ የተጋበዙትንም ሰዎች፣ ከዘፈኑ በፊት ብቻ ሳይሆን ከዘፈኑም በኋላ ቢደግሙ፣ የዘገየው አድማጭ ቢያንስ ስሙን ያገኛል። በዘፈኑ መግቢያ ላይ መናገርን ቢተዉ፣ የአዊኛውንም ክፍል በሌላ ሰዓት ደግመው ቢያሰሙ፣ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

የቀረው ግማሽ የወጣቶች ድርሻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የኢንጅባራ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎችና የቴክኒክና ሙያ ልጆች ለመመረቂያ የሚሆን ሥራ ሲፈልጉ ሩቅ መሄድ የለባቸውም። ሁለት መቀበያ፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ፣ አንዲት ቍልፍ፣ ጥቂትም ፕሮግራም መጻፍ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የመጀመሪያዋን ሣጥን በዳንግላ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ አኑረው፣ ስንት ሰው ቍልፏን እንደሚጫን ቢቈጥሩ ከብዙ ክርክር ይልቅ ያስተምራል።

ትልቅ ቋንቋ የሚባለው ብዙ ሰዓት የሚነገርለት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ሰዓት የተሰጠው ቋንቋ ግን ከዚያች ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንኳ መባከን የለባትም። የአዊ አድማጭ የሚጠይቀው ዘፈን ይጨመርልኝ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠኝ ሳይቈረስ ይድረሰኝ ቢልም ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለመፈጸምም የሚያስፈልገው ዕውቀት በእጃችን ነው።