የደረት ዘበኛ

ስፋቷ የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ውፍረቷ ግን ከቀፎው ያንሳል። ከትከሻ ወረድ ብላ ከቆዳ ሥር ትቀመጣለች። ባለቤቷ ስስ ሸሚዝ ከለበሰ፣ ልብ ብሎ ያየ ሰው ጉብ ማለቷን ይለያል። ሐኪሞች ፔስሜከር ይሏታል፤ የልብ ምት ማስተካከያ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ሥራዋን ሳስበው የግቢ ዘበኛን ትመስለኛለች። ደኅና ዘበኛ ቤቱ ሰላም እስከሆነ ድረስ ከበሩ ተቀምጦ ያዳምጣል እንጂ ጓዳ ገብቶ ወጥ አያማስልም። ኮሽ ሲል ይነሣል። ታዲያ ይኸው ዘበኛ ማን ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን እንዳመሸ፣ ማን እንቅልፍ አጥቶ በረንዳ ላይ ሲንጎራደድ እንዳደረም ያውቃል። ይህችም መሣሪያ እንዲሁ ናት፤ ትጠብቃለች፣ ታውቃለችም።

መጀመሪያ ጥበቃዋን እንይ። ጤነኛ ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። ምቱን የምታስጀምረው በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ያለች ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ናት፤ በራሷ የኤሌክትሪክ ምልክት ታመነጫለች፣ ምልክቱ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ደሙም ይረጫል። በዕድሜ ወይም በበሽታ ምንጯ ስትደክም፣ አለዚያም ምልክቱ የሚወርድበት መንገድ ሲቋረጥ፣ ልብ ይዘገያል። አንዳንዴም ለሰከንዶች ጸጥ ይላል። ሰውየው ይዞረዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ባለበት ይወድቃል።

መሣሪያዋ የምትገጠመው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ሐኪሙ ከትከሻው ወረድ ብሎ ያለውን ቦታ አደንዝዞ ቀጭን ሽቦ በደም መልስ ውስጥ አሳልፎ እስከ ልብ ያደርሳል፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ከመሣሪያዋ ጋር ያገናኝና ቆዳውን ይሰፋል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ከዚያ በኋላ መሣሪያዋ ታዳምጣለች። ልብ በራሱ ከመታ ዝም ትላለች። ምቱ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ካልመጣ አንዲት ኢምንት የኤሌክትሪክ ግፊት ትልካለች። ባለቤቷ ደረጃ ሲወጣ ወይም ሲሮጥ እንቅስቃሴውን ለክታ ምቱን የምታፈጥን ዓይነትም አለች። ባትሪዋ እንደ አጠቃቀሙ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል፤ ሲያልቅ ሽቦው ባለበት ይቀርና መሣሪያዋ በአዲስ ትተካለች። አሁን አሁን ደግሞ ክብደቷ 2 ግራም ብቻ የሆነ፣ የመድኃኒት እንክብል የምትመስልና ሽቦ የሌላት መጥታለች። እርሷ በጭን ደም ሥር በኩል ገብታ ልብ ውስጥ ትቀመጣለች።

የዚህች መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) አርነ ላርሶን የተባለ የ43 ዓመት ስዊድናዊ ልቡ በየቀኑ ብዙ ጊዜ እየቆመ ይጥለው ነበር። ሚስቱ ኤልሰ ማሪ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትንና ቀዶ ሐኪሙን ኦከ ሴኒንግን እየተመላለሰች ወተወተቻቸው። ለሰው የሚሆን መሣሪያ ገና የለንም ቢሏት፣ እንግዲያው ሥሩልኝ አለች። ኤልምክቪስት ጥቂት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ገጣጥሞ ፕላስቲክ አፈሰሰባቸው፤ ቅርጽ ማውጫው የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነበር። ኦክቶበር 8 ቀን በካሮሊንስካ ሆስፒታል መሣሪያው በላርሶን ሰውነት ውስጥ ገባ። ከሰዓታት በኋላ ተበላሸ። በሌላ ተተካ፤ እርሱም ሳይቆይ ደከመ። ላርሶን ግን ዕድሜ ልኩን 26 መሣሪያ እየቀያየረ እስከ 2001 ኖረ። በ86 ዓመቱ ሲሞትም የገደለው ካንሰር እንጂ ልቡ አልነበረም። መሐንዲሱንም ቀዶ ሐኪሙንም ቀብሮ ነው የሄደው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። በእኛ ቋንቋ ልብ ደም የሚረጭ ጡንቻ ብቻ አይደለም። ሰው ልብ ያደርጋል፣ ልብ ይገዛል፣ ልቡ ይሸፍታል፣ ልቡ ይሰበራል። ታዲያ ልቡ በባትሪ የሚመታ ሰው ያው የምናውቀው ሰው ነው? የላርሶን ኑሮ መልሱን ይሰጣል፤ 26 መሣሪያ ሲፈራረቅበት አንድም ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ አልነቃም። መሣሪያዋ «አሁን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አታውቅም። ማንን እንደሚወድ፣ በማን እንደሚቆጣ፣ ምን እንደሚያስታውስ አትነግረውም።

ማንነትን የምትነካው በሌላ በኩል ነው። ድሮ ከሰውየውና ከፈጣሪው በቀር ማንም የማይገባበት ግቢ፣ አሁን ቁልፉ በብዙ እጅ ነው። ፋብሪካው፣ የፕሮግራሙ ጸሐፊ፣ ሐኪሙ፣ ሲከፋም ፖሊስና ዳኛ በሩ ላይ ይሰለፋሉ።

ይህን በራሷ ደረት ያየችው ኖርዌያዊቷ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ ማሪ ሙ ናት። በ2011 በድንገት ወደቀችና ፔስሜከር ተገጠመላት። ከዚያ ለንደን ሳለች ኮቨንት ጋርደን ከተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ 193ቱን ደረጃዎች በእግሯ ልትወጣ ስትሞክር ትንፋሽ አጠራት። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ ወሰደባቸው። ለካስ መሣሪያዋ ላይ ከፍተኛው ምት በደቂቃ 160 ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ ከዚያ ሲያልፍ ምቱ በግማሽ ወርዶ 80 ይሆናል። ለሽማግሌ የሚስማማ ልክ ለወጣት ሯጭ ሆኗል። ምርመራውን ያጓተተው ደግሞ የሐኪሞቹ ኮምፒውተር ነበር፤ በፕሮግራም ስሕተት የተነሣ መሣሪያው ውስጥ ካለው የተለየ ቁጥር ያሳይ ነበር። የደከማት በራሷ ድካም አልነበረም፤ ሌላ ሰው የሞላው ቁጥር አደከማት። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ልቧን የሚያስመታው ኮድ ምን እንደሚል መመርመር ያዘች፤ አምራቾቹ ግን ኮዱን ለባለቤቱ አያሳዩም።

ሌላው ነገር ገመና ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ መሣሪያዎች ራስጌ ከሚቀመጥ ትንሽ ሣጥን ጋር በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ባለቤቱ ሲተኛ ሣጥኑ የልቡን መዝገብ ይወስድና ወደ ሆስፒታሉ ይልካል። ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም፤ የባትሪ መድከም ወይም የምት መዛባት ሰውየው ሳይሰማው ይታወቃል። ነገር ግን መዝገብ ካለ ጠያቂ አይጠፋም። በ2016 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በሚድልታውን ከተማ የአንድ ሰው ቤት ተቃጠለ። ሰውየው እሳቱን ባየ ጊዜ ዕቃውን በየሻንጣው አጭቆ፣ መስኮቱን በምርኩዙ ሰብሮ፣ ዕቃውን በዚያ በኩል ወርውሮ እንደወጣ ተናገረ። ፖሊስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የፔስሜከሩን መዝገብ አስወጣ። መዝገቡን ያየ የልብ ሐኪም፣ የልብ ሕመም እያለበት ይህን ሁሉ በዚያች ጊዜ መሥራቱ የማይመስል ነው አለ። ሰውየው ቤቱን ሆን ብሎ አቃጥሏል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ2017 ዳኛው መዝገቡ በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን ወደ ጎን እንተወው። አፉን ዘግቶ ዝም ማለት የሚችል ሰው ደረቱን ግን ዝም ማሰኘት አልቻለም።

በር ካለ ሌባም አለ። በ2008 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ድንገተኛ የልብ መቆምን በኤሌክትሪክ የሚያርመውን፣ የፔስሜከር ዘመድ የሆነውን መሣሪያ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ በሬዲዮ ሰብረው ገቡ። የታካሚውን መረጃ አነበቡ፣ ትእዛዝም ቀየሩ። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በ2007 እንዲህ ያለው መሣሪያቸው ሲቀየር ሐኪማቸው የሬዲዮ ግንኙነቱን አስዘግቶታል፤ ገዳይ በአየር ሞገድ ይመጣል ብሎ ሰግቶ። በ2017ም በአሜሪካ 465 ሺህ ያህል ፔስሜከሮች ለሰርጎ ገብ የሚመች ቀዳዳ ስለተገኘባቸው ባለቤቶቻቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው ፕሮግራሙን እንዲያሳድሱ ተነገራቸው። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነበር፤ የተጎዳ ሰው ስለመኖሩም አልተሰማም። ሰው እንደ ስልኩ ሁሉ ልቡን «አፕዴት» ለማድረግ የተሰለፈበት ዘመን ግን ገብቷል።

ይህ ሁሉ ጭንቀት የባለጸጋ ጭንቀት ሊመስል ይችላል። መሣሪያዋ በእኛ አገር እንደ ብዙው የሕክምና ዕቃ ከውጭ የምትመጣ ናት፤ ከገንዘብ እጦት ሳያገኛት የሚሞት ሰው በየድሀው አገር አለ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ «ልቤ ልብህ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ፕሮጀክት፣ ከሟቾች ላይ በፈቃድ የወጡ ፔስሜከሮችን አጽድቶና ፈትሾ ለእነዚህ ሰዎች ለማድረስ ይሠራል። ላጣ ሰው ሁለተኛ እጅ ዘበኛም ዘበኛ ነው። ቢሆንም የድሀ ገመና ከሀብታም ገመና አያንስም። ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው ምቴ በስንት ተወሰነ፣ መዝገቡ የት ይሄዳል፣ ማንስ ያየዋል ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ይህ ነገር ደረቱ ውስጥ እያለ ነፍሱ ትወጣለች ወይ? ትወጣለች። መሣሪያዋ ሞትን አትከለክልም። አስከሬን በሚቃጠልበት አገር፣ ባትሪዋ በእሳት እንዳይፈነዳ አስቀድማ ትወጣለች። በሚቀበርበት አገር ከባለቤቷ ጋር አፈር ልትለብስ ትችላለች። ባትሪዋ እስኪያልቅም ምልክቷን መላኳን አትተውም፤ ጌታው መሄዱን ማንም እንዳልነገረው ዘበኛ ናት። «አሁን፣ አሁን» ትላለች፤ የሚመልስላት የለም።