ገብስ ሲናገር፣ ቆስጣ ዝም ሲል

በእስቴም ሆነ በላይ ጋይንት ደጋ፣ ቀይ አፈር ላይ የበቀለ ገብስ ገና ከጅምሩ ቢጫ ሲሆን ሁሉም ማዳበሪያ አነሰው ይላል። እኔ ቅጠሉ ላይ ብዙ አልቆይም። አንዱን ቡቃያ ከነአፈሩ አውጥቼ ሥሩን በውሃ አጥባለሁ። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ሥሩ አጭርና ወፍራም ነው፤ ጫፉ ጠይሟል፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ አላወጣም፣ በጣት ሲነካ ይቀነጠሳል። እንዲህ ያለ ሥር ውሃው ከበታቹ እያለ ይጠማል፣ ማዳበሪያው ከጎኑ እያለ ይራባል።

ጥፋተኛው አሉሚኒየም ነው። ከምድር ቅርፊት 8 በመቶ ያህሉ እሱ ስለሆነ የማይገኝበት አፈር የለም። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በላይ እስከሆነ ድረስ ከሸክላው ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ከዚያ ሲወርድ፣ ማለትም አፈሩ ሲኮመጥጥ፣ ይልቁንም ከ5 በታች ሲሆን፣ ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያገኘዋል። በደጋችን ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት አጥቦ ወስዷል፤ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚሄድ ወደ ማሳው የሚመለሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል።

ግብጦ ግን እዚሁ አፈር ላይ ያብባል። ገበሬው ደክሟል ባለው መሬት ላይ ብዙ ሳያርስ፣ ሳያርም፣ ማዳበሪያም ሳይጨምር ይዘራዋል፤ መራራ ስለሆነ ከብትም እምብዛም አይደፍረውም። ከግብጦ ቀጥሎ የሚዘራው እህል እንደሚያምር ማንም ባለሙያ ሳይነግረው ያውቃል። ግብጦው ከአየር ወስዶ ለአፈሩ የሚተወው ናይትሮጅን አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ለማየት ተክሉን በጥንቃቄ መንቀል ነው፦ ከጎን ሥሮቹ ላይ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተጠጋጉ አጫጭር ሥሮች አሉ። ከእነዚህ የሚወጣው ሲትሪክ አሲድ፣ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። አሉሚኒየሙን ገና ከሥሩ ውጭ ሳለ ይይዘዋል፤ የተያዘ አሉሚኒየም ደግሞ ሥሩን አይጎዳም። አሉሚኒየም ቆልፎት የነበረው ፎስፈረስም በዚያው ይለቀቃል። ይህን ሥር ለወጣት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ባሳየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። አሉሚኒየም የሚችሉ የስንዴ ዝርያዎችም ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው፤ እነሱ የሚያወጡት ማሊክ አሲድ ሲሆን ይህን የሚያዘው ጂን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ካድሚየም በር ላይ አይቀርም፣ ይገባል። ተክሉም ከውስጥ ይከላከላል፦ ፋይቶኬላቲን የሚባሉ፣ ድኝ ያላቸው አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች ይሠራል። ሙኒክ ያሉ ተመራማሪዎች ማንነታቸውን የለዩት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ድኙ ካድሚየሙን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከዚያ በሕዋሱ ውስጥ ወዳለው የፈሳሽ ከረጢት ተወስዶ ይቆለፍበታል። ተክሉ ዳነ፣ ቅጠሉም ለመለመ። ካድሚየሙ ግን የትም አልሄደም፤ ቅጠሉን የሚበላው ሰው ይወስደዋል።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ገብስ ሲጎዳ ይናገራል፤ ቆስጣ ግን ተሸክሞም ያምራል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ውሃ የሚለማውን አትክልት ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የመረመሩት በዓይን ለማወቅ ስለማይቻል ነው። ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ግብጦስ? በስፔን የአስናልኮያር ማዕድን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1998 ተደርምሶ መርዛማ ዝቃጭ ማሳውን ሲያለብሰው ተመራማሪዎች ከሞከሯቸው ተክሎች አንዱ ነጭ ግብጦ ነበር፤ የኛው ግብጦ። ከባድ ብረታ ብረቱን በአብዛኛው ሥሩ ውስጥ ያስቀራል። ያም ቢሆን በተበከለ መሬት የበቀለ ግብጦ ሳይመረመር እንዲበላ አልመክርም፤ በወንዝ ውሃ የሚዘፈዘፈው መራራነቱ እንዲወጣ እንጂ ብረታ ብረት እንዲለቅ አይደለም።

በኛ ወረዳዎች ወንዝ የሚበክል የቆዳ ፋብሪካ የለም ብለን መዘናጋት የለብንም። የፎስፌት ማዳበሪያ የሚሠራበት ድንጋይ በተፈጥሮው ካድሚየም ይዞ ይገኛል፤ መጠኑ እንደ ድንጋዩ መገኛ ይለያያል። አፈሩ በኮመጠጠ ቁጥር ደግሞ ተክሉ የሚወስደው ካድሚየም ይጨምራል። ስለዚህ የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚቀንሰው ኖራ ለገብሱ ሥር ብቻ ሳይሆን ለምግባችንም ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያ ሁሉ ከመኪና መንገድ እስከ ማሳው በአህያ ይጓጓዛል። ለኖራ ተመዝግቦ ተራ ለሚጠብቅ ገበሬ የምለው፣ የከፋውን ማሳ ለጊዜው በግብጦ እንዲይዘው ነው። ኖራው ሲደርስ ከዘር አንድ ወር ቀደም ብሎ ይበትነውና ከአፈሩ ጋር ደህና አድርጎ ያርሰዋል።