የናፍጣ ሞተር አልነሣ ሲል ከመግፋትም ዕቃ ከመግዛትም ምርመራ ይቅደም

ተለቅሞ በሣጥን የተሞላ ቲማቲም ጊዜ አይሰጥም። በማለዳ ተጭኖ ገበያ ካልደረሰ ከቀትር በኋላ ዋጋው ይወርዳል፤ ከዋለ ካደረም ይበሰብሳል። በእንዲህ ዓይነቱ ማለዳ የማኅበሩ ፒክ አፕ አልነሣ ቢል የሚሆነው የታወቀ ነው። ወጣቶች ከኋላ ተሰልፈው ይገፋሉ፤ ሾፌሩም ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። መኪናው ቁልቁለት ላይ የቆመ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የቀለለ መስሎ ይታያል።

ችግሩ የባትሪ መድከም ከሆነ መግፋቱ ሊረዳ ይችላል። ከታይሚንግ የመጣ ከሆነ ግን ቺንጋ በመለወጥ ሊያልቅ የሚችለው ብልሽት ቴስታታ ወደሚያስፈታ ጥፋት ሊለወጥ ይችላል። የማኅበር መሪዎች መካኒክ እንዲሆኑ አይጠበቅባቸውም። ሆኖም የታይሚንግ ብልሽት ከሴንሰር ብልሽት በምን እንደሚለይ ቢያውቁ የአባላትን ገንዘብም ምርትም ከብክነት ያድናሉ።

ታይሚንግ ምንድን ነው?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ አሠርቶ ያሳየው ሞተር ምሥጢሩ አየርን አጥብቆ መጭመቅ ነው። ፒስቶኑ አየሩን ከ15 እስከ 22 እጥፍ ያህል ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣው በኖዝል ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል።

ቁም ነገሩ ያለው በዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ናፍጣው ያለ ጊዜው ቀድሞ ከተረጨ ሞተሩ እንደ መዶሻ እየመታ ይጮኻል። ዘግይቶ ከተረጨ ኃይል ያንሰዋል፤ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ናፍጣም ይፈጃል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮላዎችን የሚከፍተው ካም ሻፍት አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ሁለቱን የሚያያይዛቸው እንደ ሞተሩ ዓይነት ጥርስ ያለው ቺንጋ፣ ካቴና ወይም ጊር ነው። ለምሳሌ በገጠር መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው የላንድ ክሩዘር 1 ኤች ዜድ ሞተር ቺንጋ አለው። የሃይሉክስ 2 ኬ ዲ ሞተርም እንዲሁ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የመጣው 2 ጂ ዲ ሞተር ግን በካቴና ይሠራል።

ቺንጋው ላልቶ ጥርስ ከዘለለ ቫልቮላው ወደ ታች በሚከፈትበት ሰዓት ፒስቶኑ ወደ ላይ ይመጣና ይጋጫሉ። በናፍጣ ሞተር ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ለትንሽ ስሕተት እንኳ ቦታ የለም። ያልተመረመረ ሞተርን ገፍቶ ማዞር አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነባሩና አዲሱ ሞተር

በ1 ኤች ዜድና በመሰል ነባር ሞተሮች ናፍጣውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ፖምፓ ነው። ፖምፓው ከተገጠመበት ቦታ ጥቂት ዞር ካለ ታይሚንጉ ይለወጣል። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት በፖምፓውና በሞተሩ አካል ላይ ምልክት ማስመር ይገባል። ሲገጠምም ሰዓት በሚመስለው መለኪያ በሚሊ ሜትር ተለክቶ መስተካከል ይኖርበታል። «በጆሮዬ አስተካክለዋለሁ» የሚል መካኒክ ቢገጥም የማኅበር መሪዎች መለኪያው የት እንዳለ ቢጠይቁ ያስመሰግናቸዋል።

ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውቶሞቢሎች ላይ መግጠም የተጀመረው ኮመን ሬይል የሚባለው አሠራር ከዚህ ይለያል። ናፍጣው በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይጠራቀማል። ኖዝሉን የሚከፍተው የሞተሩ ኮምፒዩተር የሚያስተላልፈው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። የኮምፒዩተሩ ዓይኖች ደግሞ ሴንሰሮች ናቸው። የክራንክ ሴንሰር ፒስቶኑ የት እንደደረሰና ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር ይናገራል። የካም ሴንሰር ተራው የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይለያል። የክራንክ ሴንሰሩ ምልክት ከጠፋ ብዙዎቹ ሞተሮች ጨርሶ አይነሡም። እንዲህ ያለውን መኪና መግፋት ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

በቅድሚያ ምን ይታይ?

አንደኛው ነገር ድምፅን ማዳመጥ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞረው ሞተሩ እንደ ወትሮው እየከበደው የሚዞር ከሆነ ጭመቃው አለ ማለት ነው። ያለ ክብደት ቀልሎና ፈጥኖ የሚዞር ከሆነ ግን ቺንጋው ተበጥሶ ወይም ዘልሎ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ማዞርም መግፋትም አይፈቀድም። መኪናው ተጎትቶ የሚሄድ ከሆነም ማርሽ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው ጭሱን መመልከት ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ነገር ግን አልተቀጣጠለም። ይህም በደጋ አገር ቀዝቃዛ ማለዳ የካንዴሌታ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ጭመቃና ታይሚንግ ይመረመራሉ። ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣው አልደረሰም። እንዲህ ሲሆን ጋኑ፣ ፊልትሮውና ወደ መሥመሩ የገባ አየር ይታያሉ፤ በኮመን ሬይል ሞተር ላይ ደግሞ የሴንሰሮቹ ነገር ይጨመራል። ሞተሩ ተነሥቶ የሚያወጣው ጥቁር ጭስ ብቻውን የታይሚንግ ማስረጃ አይሆንም። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ያልተስተካከለ ፖምፓ ያለው ሞተር ደጋ ሲወጣ ሊያጨስ ይችላል።

ሦስተኛው የብልሽቱን ጠባይ መመዝገብ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ በድንገት እየጠፋ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚነሣ ከሆነ የክራንክ ሴንሰር ይጠረጠራል። ይሁን እንጂ ሴንሰሩ ከመለወጡ በፊት ሽቦው ይታይ። ከጎተራ አጠገብ የሚያድር መኪና ሽቦውን አይጥ ሊቀረጥፈው ይችላል። ወንዝ ሲሻገር በመገናኛው ውስጥ ውኃ ገብቶም ሊሆን ይችላል። በሴንሰሩ ጫፍ ላይ የተለጠፈ የብረት ብናኝም ምልክቱን ያዛባል። እነዚህ ሁሉ በጥገናና በጽዳት የሚወገዱ ናቸው።

ኮዱ ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም

ኮምፒዩተር ባላቸው መኪናዎች ላይ የመመርመሪያ መሣሪያ ሲሰካ የብልሽት ኮድ ያወጣል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ፒ 0335 የክራንክ ሴንሰሩን የኤሌክትሪክ መሥመር ያመለክታል፤ ፒ 0340 ደግሞ የካም ሴንሰሩን። ሁለቱም «መሥመር» ይላሉ እንጂ «ሴንሰሩን ጣሉት» አይሉም።

ይበልጥ የሚያሳስተው ፒ 0016 ነው። ትርጉሙ ክራንኩና ካሙ የሚሰጡት ምልክት አልተጣጣመም ማለት ነው። ሴንሰሮቹ ደህና ሆነው እውነቱን እየተናገሩ፣ የዘለለው ቺንጋ ወይም የተለጠጠው ካቴና ሊሆን ይችላል። ሴንሰር ተገዝቶ ተለውጦ ሞተሩ እንደገና እንዲዞር ከተደረገ ማስጠንቀቂያውን አልሰማ ብሎ ወደ ግጭት መሄድ ይሆናል። በዚህ ኮድ ጊዜ መጀመሪያ የታይሚንግ ምልክቶቹ ተከፍተው መታየት አለባቸው። እንደዚሁም ፒ 0087 በቧንቧው ያለው የናፍጣ ግፊት ማነሱን ይናገራል። ምክንያቱ ግን የግፊት ሴንሰሩ ሳይሆን የተደፈነ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል።

ለሕይወት የሚያሠጋ ስሕተት

በነባር ሞተሮች ደካማውን ሲሊንደር ለመለየት ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቧንቧ ማላላት የተለመደ ነበር። ይህ ልማድ በኮመን ሬይል ሞተር ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የፒክ አፕ ጎማ የሚይዘው ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ያህል ሲሆን በኮመን ሬይል ቧንቧ ውስጥ ያለው ግን ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል።

የመሪዎች ድርሻ

የማኅበር መሪዎች ከሁሉ አስቀድሞ ለመኪናው መዝገብ ሊከፍቱለት ይገባል። ቺንጋው በስንት ኪሎ ሜትር እንደተለወጠና ቀጣዩ ለውጥ መቼ እንደሆነ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ይጻፍበት። ቺንጋ ሲለወጥ የመወጠሪያው ኩሽኔታ አብሮ ይታይ። በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመው ውኃም በየጊዜው ይፍሰስ።

መኪናው ጋራዥ ሲገባ አራት ጥያቄዎች ይቅረቡ። ብልሽቱ በምን ተለየ? ሽቦውና መገናኛው ተለክቷል? የታይሚንግ ምልክቶቹ ታይተዋል? የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ለማኅበሩ ይመለሳል? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ ገንዘብ ከካዝና መውጣት የለበትም።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በገበያ ቀን ማለዳ ለምርመራ የሚውለው ግማሽ ሰዓት የጠፋ ጊዜ አይደለም። ቲማቲሙ በዚያ ቀን በኪራይ መኪና ወይም በጋሪ ሊሄድ ይችላል። ሞተሩ ከተሰበረ ግን ቀጣዩም ምርት መጓጓዣ ያጣል።