ከማንኪያ የማይወርድ መርቃ

ጥብጣቡ ቢጫው ላይ ቆመ። ልጁ አሥራ አንድ ወሩ ነው። እናቱ ክንዱን ይዛልኝ በሩ ጥግ ያለውን ጆንያ ተደግፋለች። ጆንያው ውስጥ ያለው ማሾ ነው።

«ምን ምን ትሰጪዋለሽ?» አልኳት።

«የማሽላ መርቃ። ቀጠን አድርጌ ነው፤ ወፍራሙ ያንቀዋል ይላሉ።»

«ከማሾውስ ትጨምሪበታለሽ?»

«እሱማ የገበያ ነው!»

በጨፋ ሸለቆ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ቤት ለቤት ስዞር ይህን መልስ ያልሰማሁበት ጎጥ የለም። ማሾው ወደ ከሚሴ ገበያ ይወርዳል፣ ይጫናል፣ ባሕር ይሻገራል። ብሩ ዕዳ ይከፍላል፣ ልብስ ይገዛል። እናቲቱ ያለችው እውነት ስለሆነ አልተቆጣኋትም።

ጥብጣቡን የምናስረው የግራ ክንዱ መሐል ላይ ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር ካነሰ ቀይ ነው፤ ያ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ይጀምራል። ከዚያ እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ነው። ሁለቱን እግሮቹን በአውራ ጣት ተጭነን ስንለቅ ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ግን ጥብጣቡ አረንጓዴ ቢያሳይም ልጁ በጠና ታሟል።

ቀድሞ ቀይ የሆነ ልጅ ከእናቱ ጋር ለሳምንታት ተኝቶ ይታከም ነበር። ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያብላ? ከብቱን ማን ያጠጣ? በ1993 ዓ.ም. በሐዲያ፣ በባደዋቾ፣ ሕፃናቱን ቤታቸው እንዳሉ ከኦቾሎኒ በተዘጋጀ ምግብ ማከም ተሞከረና ብዙዎቹ ዳኑ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አሠራሩ ጎረቤታችን ቃሉ ወረዳ ደረሰ። ዛሬ ምግብ የማይጠላና ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት ልጅ ፕላምፒ ናት የሚባለውን ይህን የኦቾሎኒ ምግብ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፓኬቱ ሲያልቅ ግን የሚጠብቀው ያው ቀጭን መርቃ ነው።

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። ቀጭን መርቃ በውኃ ይሞላዋል፤ የጠገበ መስሎ ይተኛል፣ ሥጋ ግን አያወጣም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 41ዱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ማሽላ ብቻውን አካል ሊገነባ አይችልም፤ ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ማሾ ውስጥ ደግሞ ያው የጎደለው ሞልቷል። ሦስት እጅ ማሽላ፣ አንድ እጅ ማሾ። ማሾው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከማሽላው ጋር ይፈጫል። መርቃው ማንኪያውን ቢያዘነብሉት የማይወርድ ይሁን፤ ዘይት ጠብ ይደረግበት፣ ጎመን ወይም ዱባ ደቆ ይግባበት፣ እንቁላል ከተገኘ እንቁላል። በዚህ ዕድሜ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይመገብ፤ ጡቱም አይቋረጥበት። የአፋር ከብት ሳይቀር በበጋ ሣር ፍለጋ በሚመጣበት በዚህ የቦርከና ወንዝ ዳር ወተት የማይደርሰው ልጅ ሳይ አንጀቴ ያራል።

ለዓመታት በፖስተር አስተምሬያለሁ። እናቶቹ የምግብ ምድቦቹን በቃላቸው ይወጡልኝ ነበር፤ ጥብጣቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ነገሩ የተለወጠው ምድጃ ዳር መቀመጥ ስንጀምር ነው። አንዷ ዱቄት፣ አንዷ ዱባ፣ አንዷ እንቁላል ይዛ ትመጣለች፤ አብስለን ልጆቹን እዚያው እናበላለን። አማቶችን ሳልጠራ አልጀምርም። ምራቲቱ የቱንም ያህል ብትማር ድስቱ ላይ የሚያዙት አማቷ ናቸው።

የዚያን ዕለትም ከጆንያው እፍኝ ማሾ አስዘግኜ አመስን፣ ፈጨን፣ አገነፋን። «እማማ፣ አንቱ ቅመሱልኝ» አልኳቸው አማትየውን። ቀመሱ። ልጁ ሦስት ማንኪያ ዋጠ፤ አራተኛውን በእጁ ጎተተው። አልታነቀም። አማትየው ዝም ብለው አዩትና የልጁን አባት ከደጅ ጠሩት።

«ጆንያው ሳይሰፋ የልጁን ለይልኝ።»

አንድ ጣሳ ሰፈረ።

«ጨምር» አሉት።