የቤት ብየዳ ማሽን የሚመዘነው በትንሹ ቁጥር ነው

የብየዳ ማሽን ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ለፊት በደማቁ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፤ 200፣ 250፣ አንዳንዴም 300። ዋጋው የሚጠራውም፣ ክርክሩ የሚካሄደውም በዚያ ቁጥር ዙሪያ ነው። እንጀራው ሌላ ሆኖ በትርፍ ጊዜው ለቤቱ መደርደሪያ፣ ለመስኮቱ ፍርግርግ፣ ለጓሮው በር የሚበይድ ሰው ግን ከዚያ ቁጥር ጋር እምብዛም ጉዳይ የለውም። የእሱን ሥራ የሚወስነው ማሽኑ በ50 አምፔር ላይ የሚያሳየው ጠባይ ነው። እሳቱ ዝቅ ሲል ሳይቆራረጥ ይቆማል ወይስ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ያስመርራል? የቤት ማሽን ጥሩነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በኤሌክትሪክ መበየድ ማለት በኤሌክትሮዱ ጫፍና በሚበየደው ብረት መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ጅረት እንዲያልፍ ማድረግ ነው። በክፍተቷ ውስጥ ያለው አየር ግሎ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆናል፤ አርክ የሚባለው ያ ዓይን የሚወጋ ብርሃን ሙቀቱ ከ5000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ለግንባታ የምንጠቀምበት ብረት የሚቀልጠው ደግሞ 1500 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሩስያ ግዛት ኒኮላይ ቤናርዶስ በካርቦን ዘንግ መበየድን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ኒኮላይ ስላቭያኖቭ ካርቦኑን ራሱ እየቀለጠ በሚሞላ የብረት ዘንግ ተካው። ራቁቱን የሚቀልጥ ዘንግ ግን ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን እየሳበ ብየዳውን ተሰባሪ ያደርገዋል። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1904 ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረተው ከስዊድናዊው ኦስካር ሼልበርግ ነው፤ ዘንጉን በማዕድን ልባስ ቀባው። ልባሱ ሲቃጠል ጋዝ እየለቀቀ አየሩን ያባርራል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ቅርፊት ሆኖ ትኩሱን ብረት ይሸፍናል። ዛሬ በየሱቁ በፓኬት የሚሸጠው 6013 ኤሌክትሮድ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የብየዳውን ጥንካሬ ያመለክታሉ፤ 60 ማለት በአንድ ካሬ ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ፣ ወደ 410 ሜጋፓስካል የሚጠጋ ጉተታ ይችላል ማለት ነው። ተራ የግንባታ ብረት ራሱ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የማሽኑ ድርሻ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 20 እና 30 ቮልት መካከል አውርዶ በምትኩ ከፍተኛ ጅረት መስጠት ነው። ለረጅም ዘመን ይህን ሲያደርግ የኖረው ትራንስፎርመር ነው፤ የብረት እምብርት፣ በላዩ የተጠመጠመ ሽቦ። በከተሞቻችን የብየዳ ቤቶች ደጃፍ ጎማ ተገጥሞለት የሚጎተተው ሣጥን ይኸው ነው። ትራንስፎርመር ግን በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ ሲሠራ ከባድ እምብርት ይፈልጋል። ኢንቨርተር የሚባለው ማሽን ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ከመስመሩ የመጣውን መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል፤ በፈጣን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያዎች በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይቆራርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው በትራንስፎርመር የሚያሳልፈው። ምልልሱ በፈጠነ ቁጥር የሚያስፈልገው እምብርት ያንሳል። ለዚህ ነው 30 ኪሎ ይመዝን የነበረው ማሽን 5 ኪሎ ሆኖ በትከሻ ማንገቻ የሚንጠለጠለው። የፊንላንዱ ኬምፒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ኢንቨርተር ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ዕቃው የትልልቅ ፋብሪካዎች ነበር፤ የማብሪያዎቹ ዋጋ ሲወርድና የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ማምረት ሲጀምሩ ወደ ቤት ገባ።

ስለ ኢንቨርተር ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ቅለቱን ነው፤ ለቤት በያጅ ትልቁ ስጦታ ግን ሌላ ነው። ጅረቱን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ እጅ ሲንቀጠቀጥና ክፍተቱ ሲሰፋ ሲጠብ ጅረቱ ብዙ አይዋዥቅም። ሲጀምር ለአፍታ ከፍ ያደርጋል፤ ኤሌክትሮዱ ሊጣበቅ ሲል ይደግፈዋል፤ ከተጣበቀም ዘንጉ ግሎ ሳይቀላ ኃይሉን ይቀንሳል። የሚወጣውም ቀጥተኛ ጅረት በመሆኑ በተለዋዋጭ ጅረት ማሽን ላይ እንደሚሆነው አርኩ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ እየደረሰ ለመጥፋት አይቃጣም። እነዚህ ጥቅሞች በ150 አምፔር ላይ እምብዛም አይታዩም፤ እዚያ አርኩ በራሱ ጉልበት ይቆማል። የሚታዩት በ40ና በ50 አምፔር ነው።

የቤት ሥራ የሚሠራውም እዚያ ነው። ለመስኮት ፍርግርግ፣ ለጠረጴዛ እግር፣ ለመደርደሪያ የሚገዛው ቱቦላሬ የግድግዳው ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው፤ በር ላይ የሚለጠፈው ላሜራ ከዚያም ይሳሳል። እንዲህ ያለው ብረት ላይ ሁለት ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ በ40ና በ60 አምፔር መካከል፣ ሁለት ነጥብ አምስቱ ደግሞ በ60ና በ90 መካከል ይሠራል። ከዚያ ካለፈ ብረቱ ይበሳል፤ ጀማሪው ቀዳዳውን ለመድፈን ሲታገል ቀዳዳው ይሰፋል። ሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ የሚጠይቀው ከ90 እስከ 130 አምፔር የሚያስፈልገው ለወፍራም አንግልና ለሰሌዳ ብረት ነው፤ የጓሮ ሠራተኛ ያንን በዓመት ስንት ጊዜ ይነካዋል?

የጅረቱን ጣሪያ የሚወስነው ደግሞ ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሶኬትም ነው። በ80 አምፔር ሲበየድ አርኩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 23 ነው፤ ሲባዛ 1.9 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ማሽኑ ውስጥ በሙቀት የሚባክነውንና ርካሽ ኢንቨርተር ጅረትን ከመስመሩ በቁርጥራጭ ስለሚስብ የሚጨመረውን ጫና ስናስገባ ከሶኬቱ የሚጠየቀው 14 አምፔር አካባቢ ነው። ይህ የ16 አምፔር ሶኬት የሚችለው ነው፤ ከእንጀራ ምጣድም የሚበልጥ ጫና አይደለም። አሁን በዚያው ሒሳብ 200 አምፔርን እናስላ፤ ከመስመሩ 40 አምፔር ያልፋል። ያንን የሚችል ሽቦና ብሬከር ባልተዘረጋበት ቤት ፊት ለፊት የተጻፈው 200 ጌጥ ነው። አሜሪካ ጋራዥ ውስጥ በ120 ቮልት የሚበይድ አንባቢ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብበታል፤ እዚያ በተራው የ15 አምፔር መስመር በዚያው ሒሳብ 80 አምፔር እንኳ አይደረስም። ሶኬቱ ላይ በዲቫይደር ወይም በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ መቀጠል ደግሞ ቮልቴጁን ያወርዳል፣ ገመዱንም ያግላል።

«ትልቅ ማሽን መጠባበቂያ አለው፤ በትንሹ ስትሠራበት አይደክምም» የሚል ክርክር ይመጣል። ከፊሉ እውነት ነው። በማሽኑ ጀርባ ወይም ጎን በተለጠፈችው ሰሌዳ ላይ ከአምፔሩ ጋር በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ከ10 ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ ስንቱን ደቂቃ ሳይግል መበየድ እንደሚችል የሚናገር ነው። 200 አምፔር በ20 በመቶ ማለት ሁለት ደቂቃ በይዶ ስምንት ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። ሙቀቱ ከጅረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ያ ማሽን ያለ ዕረፍት መሥራት የሚችለው 90 አምፔር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ 160 አምፔር በ30 በመቶ የተጻፈበትን ሌላ ማሽን በዚያው ሒሳብ ብናሰላው 88 አምፔር ላይ እናርፋለን። ሁለቱ ማሽኖች ልዩነታቸው ፊታቸው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ላይ አንድ ሁለት ነጥብ አምስት ኤሌክትሮድ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያልቃል፤ ቅርፊቱን ማንሣት፣ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ በማዕዘን መለኪያ ማየት፣ ሌላ ኤሌክትሮድ መያዝ አለ። የቤት ሠራተኛ ማሽኑን ከማድከሙ በፊት ራሱ ይደክማል። ይህች ሰሌዳ የሌለባት ወይም መቶኛው ያልተጻፈባት ማሽን ግን ምንም ያህል ትልቅ ቁጥር ቢለጠፍባት አትታመን።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ በኩል የሚመጣው ነው፤ ትራንስፎርመር አይሞትም፣ ቢቃጠልም ጠምጣሚ ያድነዋል፣ ኢንቨርተር ግን ካርዱ ከተቃጠለ ያበቃለታል ይላሉ። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ቀኑን ሙሉ አቧራና ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ብየዳ ቤት ትራንስፎርመሩ አሁንም ምክንያት አለው። የቤቱ ሰው ግን ኢንቨርተሩን የሚገድለውን ነገር መከላከል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጠላቱ ግራይንደሩ ነው፤ ከዲስኩ የሚበረው የብረት ብናኝ በማቀዝቀዣው ቬንትሌተር ተስቦ ካርዱ ላይ ያርፍና ያገናኘዋል። ግራይንደሩን ከማሽኑ ራቅ አድርጎ መሥራትና አልፎ አልፎ ውስጡን በአየር ማስነፋት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሌሎች ደግሞ ለቀጭን ብረት በጥቅል ሽቦ የሚበይደውን ሚግ ማሽን ይመርጣሉ። ለመኪና አካል ላሜራ እኔም ክርክር የለኝም፤ ሚግ ይበልጣል። ነገር ግን የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፣ ጋዙን ነፋስ ይበትነዋል፣ ዝገትና ቀለምም አይወድም። የቤት ብየዳ በብዛት የሚሠራው ደጅ ላይ፣ ከሌላ ሥራ በተረፈ ብረት ነውና ኤሌክትሮዱ ይበልጥ ታጋሽ ነው። ቀጭን ብረት ላይ በ6013 ሲበየድ ኤሌክትሮዱን ወደ ኔጋቲቩ መቀየርም የመብሳቱን ዕድል ይቀንሰዋል፤ ይህ በቀጥተኛ ጅረት ማሽን ብቻ የሚገኝ ምርጫ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ብየዳ ለባለሙያ ይተው የሚለው ነው፤ አደጋውን ለሚያውቅ ሰው ቀላል ክርክር አይደለም። የአርኩ ብርሃን ያለ ማስክ ለአፍታ እንኳ ቢታይ ሌሊቱን ዓይን አሸዋ እንደገባበት ያቃጥላል፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚያይ ልጅም ያው ነው የሚደርስበት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ሲበየድ ዚንኩ 907 ዲግሪ ላይ ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል፤ የተነፈሰው ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ለዚህ ወተት መጠጣት ይመከራል፤ ወተቱ ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው። የሚጠቅመው ልባሱን ከሚበየደው ቦታ በግራይንደር አስቀድሞ ማንሣት፣ ደጅ መሥራት፣ ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ መቆምና ለብረት ጭስ የተሠራ የአፍንጫ መከለያ ማድረግ ነው። ከሁሉ የከፋው በርሜል ነው። ቤንዚን ወይም የቀለም ማቅጠኛ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ ትነት ይዞ ይቀራል፤ ለከሰል ምድጃ ወይም ለውኃ ማጠራቀሚያ ብሎ እሱን መበየድ ቦምብ እንደመለኮስ ነው።

እነዚህ አደጋዎች እውን ናቸው፤ ሆኖም ሁሉም የሚከለከሉት በዕውቀትና በጥቂት ዕቃ ነው፣ ዲፕሎማ አይጠይቁም። ድንበሩ መሰመር ያለበት ብየዳው ቢለቅ ምን ይወድቃል በሚለው ላይ ነው። የመጽሐፍ መደርደሪያ ቢለቅ መጽሐፍ ይወድቃል። የሰገነት መከለያ፣ የውኃ ታንከር ማማ፣ የመኪና ሻንሲ፣ የደረጃ እጀታ ቢለቅ ሰው ይወድቃል። ከላይ ያማረ ብየዳ ሥሩ ሳይቀልጥ በላዩ ብቻ ተደፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንን በዓይን ብቻ መለየት ልምድ ላላቸውም ያስቸግራል። ስለዚህ እነዚህን ሥራዎች ለሠለጠነ በያጅ መተው ግዴታ ነው፤ የተቀረው ሰፊ ሜዳ ግን ለቤቱ ሰው ክፍት ነው።

እንግዲህ ገንዘብዎን እንዲህ ይመድቡ። ሰሌዳው መቶኛውን በግልጽ የሚናገር፣ ከ140 እስከ 160 አምፔር የሆነ ኢንቨርተር ይበቃል። ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ሁለት ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ አስገብተው፣ በ45 አምፔር በቁራጭ ቱቦላሬ ላይ እንዲያሳይዎ ሻጩን ይጠይቁት፤ አርኩ ሳይቆራረጥ ከጸና ማሽኑ የእርስዎ ነው። ከትልቁ ማሽን የተረፈውን ልዩነት ለጥሩ ማስክ፣ ለቆዳ ጓንትና ለጥጥ ቱታ ያውሉት፤ ናይሎን ልብስ እሳት ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል።